«ጌት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ በየትርጉሙ ለመለየትና ተተኪ ቃሉን ለመምረጥ የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

እንግሊዝኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ «ጌት» የሚለውን ግሥ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ወር ያውቀዋል፤ በደብተሩም ላይ ከጎኑ «አገኘ» ብሎ ይጽፍና ወደ ሌላው ቃል ያልፋል። ከዚያ በኋላ ግን ቃሉ በየአቅጣጫው ያምታታዋል። «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ» ሲሰማ ጨለማውን ማን እንዳገኘው ይጨንቀዋል፤ «ጌት ኢን» ሲሉት ምን እንዲያገኝ እንደታዘዘ ያስባል፤ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» የሚለውን ደግሞ ሳይገባው ያልፈዋል። ይህ የተማሪው ስንፍና አይደለም። በንግግርና በጽሑፍ ክምችት ላይ የተመሠረቱ የሰዋስው ጥናቶች በእንግሊዝኛ እጅግ ተዘውታሪ ከሚሏቸው 12 ዋና ግሦች አንዱ ይህ ነው፤ በመዝገበ ቃላትም የትርጉሙ ዝርዝር በጣም ረጅም ነው። ያን ሁሉ በቃል ለመያዝ የሚነሣ ሰው ይደክማል እንጂ አይዘልቀውም።

የማታ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ሳስተምር ደጋግሜ ያየሁት ጥፋት ያለው ጥያቄው ላይ ነው። ተማሪው «ጌት ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቅ ያለበት ግን «ከጌት ቀጥሎ ምን መጣ?» ብሎ ነው። ይህ ግሥ ትርጉሙን ከጎረቤቱ ስለሚወስድ፣ ጎረቤቱን የለየ ሰው ትርጉሙን በአብዛኛው አግኝቷል። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሳይዘልሉ በተራ ይከተሉ። የእንግሊዝኛ ቃላቱ እንደሚነገሩት በፊደላችን ስለተጻፉ፣ የላቲን አጻጻፋቸውን ከመዝገበ ቃላት እያዩ በደብተርዎ ያስፍሩ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

አንድ ደብተር ይያዙና ሰባት ገጾችን ለይተው በእያንዳንዱ አናት ላይ የሚከተሉትን ርእሶች ይጻፉ፦ ስም፣ ቅጽል፣ ቦታ፣ ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ፣ ተሳቢ ከነግሡ፣ «ቱ» ከነግሡ፣ ትንንሽ ቃላት። ሦስተኛው ቅርጽ የምለው በትምህርት ቤት የግሥ ሰንጠረዥ ላይ በሦስተኛው ዓምድ የተማሩትን ነው።

ለተማሪዎች የተዘጋጀ፣ እንግሊዝኛን በቀላል እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ያግኙ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚፈታው ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኛውን ጊዜ «አገኘ፣ ተቀበለ፣ ሆነ» ብሎ ይደረድርና የቱ የት እንደሚገባ ሳያሳይ ይተውዎታል።

ቃሉ የሚገኝባቸውን 20 ዓረፍተ ነገሮች ከሚያነቡት ወይም ከሚሰሙት ላይ ይልቀሙ። ከራስዎ አይፍጠሩ። ከራስ የተፈጠረ ምሳሌ ሁልጊዜ ቀድሞ ወደሚያውቁት «አገኘ» ይጎትትዎታል።

ጆሮዎንም ያዘጋጁ። አሜሪካውያን በሁለት አናባቢዎች መካከል የሚገባውን የ«ት» ድምፅ ወደ «ድ» ስለሚያቀርቡት፣ «ጌቲንግ» የሚለው «ጌዲንግ»፣ «ጎት ኢት» የሚለው «ጋዲት»፣ «ጌት አውት» የሚለው «ጌዳውት» ሆኖ ይሰማል። ብዙ ተማሪዎች የማያውቁት አዲስ ቃል የሰሙ ይመስላቸዋል፤ የሰሙት ግን ይኸው ቃል ነው።

ደረጃ 1፦ በመጀመሪያ «ሃቭ ጎት» የሚለውን ለይተው ያውጡ

ከለቀሟቸው ዓረፍተ ነገሮች መካከል «ሃቭ ጎት» ወይም አጥሮ «አይቭ ጎት» የሚል ካለ ወደ ጎን ያስቀምጡት። ይህ አነጋገር ቅርጹ ያለፈ ጊዜ ቢመስልም ትርጉሙ የአሁን ነው፤ «አይ ሃቭ ጎት ኤ ካር» ማለት «መኪና አለኝ» ማለት ነው። ከኋላው «ቱ» ሲጨመርበት ደግሞ ግዴታ ይሆናል፤ «አይቭ ጎት ቱ ጎው» ማለት «መሄድ አለብኝ» ነው፤ በፈጣን ንግግር «ጋታ» ተብሎ ይሰማል።

ማስጠንቀቂያ፦ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ሦስተኛው ቅርጽ «ጎተን» ሲሆን በእንግሊዝ አገር ግን «ጎት» ነው። ስለዚህ አሜሪካዊ «አይ ሃቭ ጎት ኤ ካር» ሲል «መኪና አለኝ»፣ «አይ ሃቭ ጎተን ኤ ካር» ሲል ደግሞ «መኪና አግኝቻለሁ» ወይም «ገዝቻለሁ» ማለቱ ነው። በእንግሊዝ አገር አጻጻፍ የሚፈተኑ ከሆነ «ጎተን» ብለው አይጻፉ።

ደረጃ 2፦ ቀጥሎ ስም ከመጣ፣ ነገሩ እንዴት እንደመጣ ይጠይቁ

«አገኘ» የሚለው ፍች የሚሠራው እዚህ ነው፤ እዚህም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም። ራስዎን በዚህ ተራ ይጠይቁ፦

1. ነገሩ ራሱ ወደ ሰውዬው መጣ? እንግዲያው «ደረሰው» ወይም «ተቀበለ» ነው፤ ተተኪው «ሪሲቭ» ነው። «ሺ ጎት ኤ ሌተር» ማለት «ደብዳቤ ደረሳት» ማለት ነው።
2. ሰውዬው ደክሞ ወይም ጠይቆ አገኘው? ተተኪው «ኦብቴይን» ነው፤ ፈቃድ፣ ቪዛና ማስረጃ የሚነገሩት በዚህ ነው።
3. ገንዘብ ከፍሎ ወሰደው? ተተኪው «ባይ» ነው።
4. ሄዶ ይዞት ተመለሰ? ተተኪው «ፌች» ወይም «ብሪንግ» ነው። «ጌት ሚ ኤ ግላስ ኦቭ ዋተር» ማለት «አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጣልኝ» ማለት ነው። ከግሡ ቀጥሎ ሰውና ዕቃ ተከታትለው ከመጡ፣ አማርኛው ብዙውን ጊዜ «ልኝ»፣ «ለት» ወይም «ላት» በሚል ጭራ ያልቃል።
5. በሽታ ነው? ተተኪው «ካች» ነው፤ ነገር ግን አቅጣጫው ይገለበጣል። በአማርኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ሰው ጉንፋንን ይይዛል። «ጉንፋን ያዘኝ» ለማለት «አይ ጎት ኤ ኮልድ» ይበሉ፤ ጉንፋኑን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አድርገው አይጀምሩ።

አሁን ወደ ኋላ ይመለሱና ተቃራኒውን አደጋ ይመልከቱ፤ እንደ እኔ ግምት ከሁሉም የሚበዛው ስሕተት ይህ ነው። የአማርኛው «አገኘ» ሰፊ ቃል በመሆኑ «ጌት» በማይገባበት ቦታ ሁሉ እንድናስገባው ያደርገናል። «ጓደኛዬን መርካቶ አገኘሁት» ለማለት «አይ ጎት ማይ ፍሬንድ» ካሉ፣ ሰሚው አድነው የያዙት ወይም በሆነ ነገር የመቱት ሊመስለው ይችላል፤ ትክክለኛው «አይ ሜት» ነው። «የጠፋውን ቁልፌን አገኘሁት» ለማለት «አይ ፋውንድ» ይበሉ። በሌላ በኩል «ከፈተናው 85 አገኘሁ» ለማለት «አይ ጎት 85» ትክክል ነው። ስለዚህ በደብተርዎ የስም ገጽ ግርጌ ላይ ይህን ሕግ በቀይ ይጻፉ፦ ሰው ሲገናኙ «ሚት»፣ የጠፋ ወይም የተፈለገ ዕቃ ሲያገኙ «ፋይንድ»፣ ወደ እጅ የገባ ነገር ሲሆን «ጌት»።

ደረጃ 3፦ ቀጥሎ ቅጽል ከመጣ «አገኘ» የሚለውን ይርሱት

«ጌት» ከቅጽል በፊት ሲመጣ ለውጥን ይናገራል፤ አንድ ሁኔታ አልነበረም፣ አሁን መጣ ማለት ነው። ዋና ተተኪው «ቢካም» ነው። አማርኛ ይህንን ለውጥ በግሡ ውስጥ ስለሚሸከመው፣ ለብቻው የሚቆም ቃል አይፈልጉለት፦ «ጌት ኮልድ» ቀዘቀዘ፣ «ጌት ኧንግሪ» ተናደደ፣ «ጌት ሬዲ» ተዘጋጀ፣ «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ» እየመሸ ነው።

«ቢ» ከሚለው ግሥ ጋር እንዳያምታቱት በአማርኛ ይፈትኑት። «ደክሞኛል» የሚለው ያለሁበትን ሁኔታ ስለሚናገር «አይ አም ታየርድ» ነው፤ «እየደከመኝ ነው» የሚለው ወደዚያ መሄዴን ስለሚናገር «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ» ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ሆነ» የሚለውን ከስም ጋር ለመናገር ሲፈልጉ «ጌት» አይጠቀሙ። «ዶክተር ሆነች» ለማለት የፈለገች አንዲት ተማሪዬ ስለ ልጇ «ሺ ጎት ኤ ዶክተር» ብላ ነበር፤ ይህ በእንግሊዝኛ «ሐኪም አመጣች» ወይም «ሐኪም አገኘች» ማለት ነው። ከስም ጋር ሁልጊዜ «ቢካም» ይበሉ።

ተተኪዎቹም እርስ በርስ እኩል አይደሉም። ለውጡ ቀስ በቀስ ከሆነ «ግሮው» ያምራል፤ «ግሮው ኦልድ» አረጀ ማለት ነው። ለቀለምና ለዕድሜ «ተርን» ይስማማል፤ «ተርን ሬድ» ቀላ፣ «ተርን 40» 40 ዓመት ሞላው ማለት ነው። ወደ መጥፎ ለሚደረግ ለውጥ «ጎው» የሚባልባቸው የተለመዱ አነጋገሮች አሉ፤ ምግብ ሲበላሽ «ጎው ባድ»፣ ዓይን ሲጠፋ «ጎው ብላይንድ»፣ ራስ ሲመለጥ «ጎው ቦልድ» ይባላል። እነዚህን እንደ አንድ ቃል አድርገው ይያዟቸው።

ደረጃ 4፦ ቀጥሎ ቦታ ከመጣ «ደረሰ» ነው

«ጌት ቱ ዘ ኤርፖርት» ማለት ኤርፖርት ደረሰ ማለት ነው። ተተኪዎቹ «አራይቭ» እና «ሪች» ናቸው፤ «አራይቭ» ከቦታው በፊት «አት» ወይም «ኢን» ይፈልጋል፣ «ሪች» ግን ምንም መስተዋድድ አይፈልግም። «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» ከሚሉት በፊት «ቱ» አይግባ፤ «ጌት ቱ ሆም» ስሕተት ነው፣ «ጌት ሆም» ትክክል ነው።

ሰዓት አብረው ሲናገሩ የሰዓት አቆጣጠሩን ይቀይሩ። «ማታ 2 ሰዓት ቤት ደረስኩ» የሚለው በእንግሊዝኛ «አይ ጎት ሆም አት 8» ነው። ግሡን አስተካክሎ ሰዓቱን መሳት ያው መሳሳት ነው።

ደረጃ 5፦ ቀጥሎ ሦስተኛው ቅርጽ ከመጣ ተደራጊ ነው

እዚህ አማርኛ ራሱ ይረዳዎታል። «ጌት ፋየርድ» ተባረረ፣ «ጌት ፔይድ» ተከፈለው፣ «ጌት ኸርት» ተጎዳ፤ «ጌት» የሚለው በአብዛኛው የእኛን «ተ» ቦታ ይዟል። መደበኛ ተተኪው «ቢ» ስለሆነ፣ «ሂ ጎት ፋየርድ» በማለት ፋንታ «ሂ ዋዝ ፋየርድ» ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የአነጋገር ደረጃ ነው፦ የመጀመሪያው የንግግር ነው፣ ሁለተኛው ለጽሑፍም ይሆናል።

ሦስት ጥንቃቄዎችን ይያዙ። አንደኛ፣ «ታወቀ» ወይም «ተወደደ» እንደሚሉት ያሉ ቆይታን የሚናገሩ ግሦች ከ«ጌት» ጋር አይስማሙምና «ዋዝ ኖውን»፣ «ዋዝ ላቭድ» ይበሉ። ሁለተኛ፣ «ጌት ሜሪድ» ማለት ማግባት ሲሆን፣ የተጋባነውን ሰው ስንጠቅስ መስተዋድዱ «ቱ» ነው፤ በአማርኛ «ከእርሱ ጋር» ስለምንል ብዙዎቻችን «ዊዝ» እያልን እንሳሳታለን። ሦስተኛ፣ «አይ ጎት ሎስት» ማለት «መንገድ ጠፋብኝ» ሲሆን፣ ለሌላ ሰው «ጌት ሎስት» ብሎ ማዘዝ ግን «ጥፋ ከዚህ» የሚል ስድብ ነው። መንገድ የጠፋበትን ሰው ለመጠየቅ ከፈለጉ «አር ዩ ሎስት» ብለው ሙሉውን ይናገሩ።

ደረጃ 6፦ መሐል ላይ ተሳቢ ከገባ «አስ» የሚለውን ያስቡ

ከሁሉም ደረጃዎች ጊዜ ሰጥተው ሊሠሩት የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ የሚፈጠረው ስሕተት ሰሚው ሳያውቀው ያልፋልና ማንም አያርምዎትም። አንድ ተማሪዬ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቦ ያረፈደበትን ምክንያት ሲያስረዳ «አይ ሪፔርድ ማይ ካር» አለ። ጠያቂው ደስ ብሎት ስለ ሞተር ይጠይቀው ጀመር። ልጁ መካኒክ አልነበረም፤ መኪናውን ጋራዥ ወስዶ አስጠግኖ ነበር የመጣው። «አስጠገንኩ» እና «ጠገንኩ» በአማርኛ የሚለያዩት በአንዲት «አስ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን የሚለያዩት በዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው።

አሠራሩን በዚህ ቅደም ተከተል ይገንቡ፦

1. መጀመሪያ የአማርኛውን ግሥ ይናገሩና «አስ»፣ «አሰ» ወይም «አሳ» መኖሩን ያረጋግጡ፦ አስጠገንኩ፣ አሰፋሁ፣ አስቀባሁ፣ አሳጠብኩ።
2. ካለ፣ «አይ ጎት» ብለው ይጀምሩ።
3. ቀጥሎ የሚሠራበትን ዕቃ ያስገቡ፦ «ማይ ካር»።
4. በመጨረሻ ሦስተኛውን ቅርጽ ያክሉ፦ «ሪፔርድ»።

ውጤቱ «አይ ጎት ማይ ካር ሪፔርድ» ይሆናል። ተራ ቁጥር 3 እና 4 ቦታ ቢቀያየሩ ትርጉሙ ይፈርሳል፤ «አይ ጎት ሪፔርድ ማይ ካር» እንግሊዝኛ አይደለም። በ«ጎት» ቦታ «ሃድ» ማስገባት ይቻላል፤ ትርጉሙ አይለወጥም፣ አነጋገሩ ጥቂት ይከበራል።

የፀጉር ነገር ለብቻው ይታይ። በአማርኛ «ፀጉሬን ተስተካከልኩ» ወይም «ተቆረጥኩ» ስለምንል «አስ» አይሰማም፤ ነገር ግን ቆራጩ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» ይበሉ። «አይ ከት ማይ ሄር» ካሉ መስተዋት ፊት ቆመው በራስዎ መቀስ የቆረጡ ያስመስልዎታል።

ስርቆትም እንዲሁ ነው። «ስልኬን ተሰረቅሁ» የሚለውን ቃል በቃል ወስደው «አይ ዋዝ ስቶለን» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ይህ ግን የተሰረቁት እርስዎ ራስዎ ነዎት ማለት ነው። «ማይ ፎን ጎት ስቶለን» ወይም «አይ ሃድ ማይ ፎን ስቶለን» ይበሉ። ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ ለሚያመለክት ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ተሳቢው ሰው ሆኖ ከኋላው «ቱ» እና ግሥ ከመጡ፣ ሰውን ለምኖ ወይም አሳምኖ ማሠራት ነው። «አይ ጎት ሂም ቱ ሳይን» ማለት «አስፈረምኩት» ማለት ሲሆን፣ በውስጡ ጥቂት ልፋት አለበት፤ ተተኪው «ፐርስዌድ» ነው። «አይ ሃድ ሂም ሳይን» ማለት ደግሞ በሥልጣን ወይም በተለመደ አሠራር ማስፈረም ነው። «አይ ሜድ ሂም ሳይን» ግን አስገድዶ ማስፈረም ነው። አማርኛችን ሦስቱንም «አስፈረምኩት» ስለሚል፣ ከመናገርዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይወስኑ። ከ«ጎት» በኋላ «ቱ» ይገባል፤ ከ«ሃድ» እና ከ«ሜድ» በኋላ አይገባም።

ደረጃ 7፦ ቀጥሎ «ቱ» እና ግሥ ከመጡ ዕድል ነው

«አይ ጎት ቱ ሲ ማይ ማዘር» ማለት «እናቴን ለማየት በቃሁ» ወይም «የማየት ዕድል አገኘሁ» ማለት ነው። በደረጃ 1 ካዩት የግዴታ አነጋገር ጋር ስለሚመሳሰል፣ «ሃቭ» ወይም የእርሱ ቅሪት የሆነው የ«ቭ» ድምፅ መኖሩን ያዳምጡ፦ ካለ ግዴታ ነው። በፈጣን ንግግር «ቭ» ሊዋጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ የጊዜ ቃል ይፈልጉ። «የስተርደይ» ካለ ያገኘው ዕድል ነው፤ «ቱሞሮው» ካለ ያለበት ግዴታ ነው።

ደረጃ 8፦ ትንንሽ ቃላት ሲከተሉ ሁለቱን እንደ አንድ ግሥ ይያዙ

እዚህ ክፍፍል የለም፤ «ጌት» እና ቀጣዩ ቃል አብረው አንድ ትርጉም ይሰጣሉና በደብተርዎ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከነተተኪያቸው ይመዝግቧቸው። ለመጀመሪያው ሳምንት የሚከተሉት ይበቃሉ፦

1. «ጌት አፕ»፦ ከመኝታ ተነሣ። «ዌክ አፕ» ግን ነቃ ነው፤ ነቅቶ አልጋው ላይ የተኛ ሰው «ጎት አፕ» አይባልም።
2. «ጌት ኦን» እና «ጌት ኢን»፦ ተሳፈረ፣ ገባ። ውስጡ ቆመው ለሚራመዱበት አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላንና መርከብ «ኦን» ይበሉ፣ ሲወርዱም «ኦፍ»። ጎንበስ ብለው ገብተው ለሚቀመጡበት የቤት መኪናና ታክሲ «ኢን» ይበሉ፣ ሲወርዱም «አውት ኦቭ»።
3. «ጌት ባክ»፦ ተመለሰ፤ ተተኪው «ሪተርን»።
4. «ጌት ኦቨር»፦ ከበሽታ አገገመ፣ ከሐዘን ተጽናና፤ ተተኪው «ሪከቨር ፍሮም»።
5. «ጌት አሎንግ ዊዝ»፦ ተስማማ፣ ተግባባ።
6. «ጌት ባይ»፦ ባለችው ተብቃቃ፣ እንደምንም ኖረ፤ ተተኪው «ማኔጅ»።
7. «ጌት ሪድ ኦቭ»፦ አስወገደ፣ ተገላገለ።
8. «ጌት አዌይ ዊዝ»፦ አጥፍቶ ሳይቀጣ ቀረ።

«ጌት ኢት» የምትለዋ ለብቻዋ ትታይ። «አይ ጌት ኢት» ማለት «ገባኝ» ማለት ነው፤ ተተኪው «አንደርስታንድ» ነው። ነገር ግን የበር ደወል ሲጮኽ አንድ ሰው «አይል ጌት ኢት» ካለ «እኔ እከፍታለሁ»፣ ስልክ ሲጮኽ «እኔ አነሣዋለሁ»፣ ምግብ ቤት ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ «እኔ እከፍላለሁ» ማለቱ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚፈታው የቆማችሁበት ቦታ ነው። «ጌት አውት ኦቭ ሂር» የሚለውም በቁጣ ከተነገረ «ውጣ» ነው፤ ወዳጅ በመገረም ፊት ከተናገረው ግን «ኧረ ተው!» ማለት ነው። ፊቱን ሳያዩ አይቀየሙ።

ደረጃ 9፦ ተተኪውን እንደ ጽሑፉ ዓይነት ይምረጡ

«ጌት» ስሕተት ቃል አይደለም፤ የንግግር ቃል ነው። በማመልከቻ፣ በሪፖርትና በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሲደጋገም ግን ጽሑፉን ያቀልለዋል። ለምሳሌ አንድ አመልካች «አይ ጎት ማይ ዲግሪ፣ አይ ጎት ኤክስፒሪየንስ፣ አይ ጎት ዩር ሌተር» ብሎ ጽፎ ነበር። ሦስቱንም በአንድ ተተኪ አልቀየርናቸውም። ዲግሪ በልፋት የሚገኝ ስለሆነ «ኧርንድ»፣ ልምድ እየተከማቸ የሚመጣ ስለሆነ «ጌይንድ»፣ ደብዳቤ ራሱ የሚደርስ ስለሆነ «ሪሲቭድ» አልናቸው።

የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ከፍተው ያማረዎትን ቃል አያንሡ። እያንዳንዱ ቃል የራሱ ወዳጆች አሉት፦ «አክዋየር» ከክህሎትና ከዕውቀት ጋር ይሄዳል፤ «ጌይን» ከልምድ፣ ከክብደትና ከልበ ሙሉነት ጋር ይሄዳል፤ «ዊን» ከሽልማት ጋር ይሄዳል። የመረጡትን ቃል በመዝገበ ቃላቱ ከፍተው በምሳሌዎቹ ውስጥ የእርስዎ ስም መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ ቃሉን ይተዉት። ተቃራኒውም ጥፋት ነው፤ ቡና ቤት ቆሞ «ካን አይ ኦብቴይን ኤ ኮፊ» የሚል ሰው የቢሮ ደብዳቤ የሚያነብ ይመስላል። እዚያ «ካን አይ ጌት ኤ ኮፊ» ይበሉ።

አንዱ ደረጃ ሲበላሽ

ከ«ጌት» ቀጥሎ ምን እንደመጣ መለየት ካቃተዎት፣ ዓረፍተ ነገሩን በወረቀት ጽፈው ከግሡ በኋላ ያለውን ሁሉ በእጅዎ ይሸፍኑና ቃላቱን አንድ በአንድ ይግለጡ። የተገለጠው የመጀመሪያ ቃል «ማይ» ወይም «ዘ» ከሆነ እስከ ስሙ ድረስ ይቀጥሉ፤ ከስሙ በኋላ ሌላ ግሥ ወይም «ቱ» ካለ ወደ ደረጃ 6፣ ከሌለ ወደ ደረጃ 2 ይሂዱ።

ቀጣዩ ቃል ቅጽል ይሁን ሦስተኛው ቅርጽ ከተጠራጠሩ ብዙ አይጨነቁ። «ታየርድ» እንደሚለው ያሉ ቃላት ሁለቱንም ይመስላሉ፤ በሁለቱም መንገድ ቢሄዱ የሚደርሱበት አማርኛ አንድ ነው።

ተተኪ ቃል አስገብተው ዓረፍተ ነገሩ እንግዳ ከሆነብዎ፣ መስተዋድዱን ይመርምሩ። «ሪች» አስገብተው የ«ጌት»ን «ቱ» ሳያወጡ ትተው እንደሆነ አብዛኛው ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

በንግግር መሐል ሰሚው ግራ ሲጋባ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድምፅ ከፍ አድርገው አይድገሙት። ያቁሙ፣ በልብዎ የአማርኛውን ግሥ ይጥሩ፣ ከዚያ «ጌት»ን ጥለው በቀጥተኛው ግሥ ይናገሩ፤ ደረሰኝ ከሆነ «ሪሲቭ»፣ ገባኝ ከሆነ «አንደርስታንድ»፣ ቤት ደረስኩ ከሆነ «አራይቭ»። ያደናገረዎትን ዓረፍተ ነገር በዚያው ዕለት ማታ በደብተርዎ በሚገባው ገጽ ላይ ከነተተኪው ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ቀን ጠዋትም ከቤት ሳይወጡ ድምፅዎን አውጥተው አንድ ጊዜ ያንብቡት።